ሳቁ የሚያስፈራን ሰው

በእኛ ሱቅ መስታወት የሚቆርጠውን ሰው «መስመር» ነው የምንለው። ቅጽል ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ እናቱ ያወጡለትን ስም ከእህቱ በቀር የሚጠራው የለም። መቁረጫዋን ይዞ መስታወቱ ላይ አንዴ ሲያሳልፋት፣ ማስመሪያ ያዘም አልያዘም፣ ጭረቱ ውልፍት አይልም። ከዚያ መስታወቱን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስደግፎ ጫን ሲለው ቀጭ ብሎ ለሁለት ይከፈላል። እኔ የመስኮትና የፎቶ ፍሬም የምሠራ አናጺ ነኝ። እንጨት ይቅር ባይ ነው፤ ብትሳሳት ትልገዋለህ፣ ቢጎድልህ ትሞላዋለህ። መስታወት ግን ምሕረት አያውቅም። እዚያ ላይ እንደዚያ የሚጫወት ሰው አጠገብ ቁጭ ብዬ ስሠራ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እቀና ነበር።

መስመር የታመመውን ሕመም ሐኪሞች ባይፖላር ይሉታል። ስሜቱ አንዳንዴ ጣሪያ በጥሶ ይወጣል፣ አንዳንዴ ደግሞ ከወለል በታች ይወርዳል። እኛ ያየነው መውጣቱን ብቻ ነበር። እሱንስ ማን ይረሳዋል! አንድ ሰሞን እንቅልፍ እምቢ አለው። ጠዋት ስንመጣ ሱቁን ከሁላችን ቀድሞ ከፍቶ፣ እየዘፈነ ሲቆርጥ እናገኘዋለን። ቀልዱ ሆድ ያሳምማል፤ እኛም ምን አውቀን፣ ስንስቅ ከረምን። በመጨረሻ ለአንድ ፀጉር ቤት የታዘዘውን የፊት መስታወት በሙሉ ቆራርጦ፣ መንገድ ላይ ለሚያልፈው ሁሉ «ራስህን እየው፣ አምረሃል» እያለ ሲያድል ተገኘ። የመጣው ፖሊስ እንኳ አንዱን ተቀብሎ ኮፍያውን አስተካክሎበታል። ወዲያው ሆስፒታል ሲያስገቡት ግን የሁላችንም ሳቅ አፋችን ውስጥ ቀረ።

ሲወጣ ክኒኑን ይዞ ታላቅ እህቱ ቤት ገባ። እሳቸውን እኛም እንደ እሱ እትዬ ነው የምንላቸው። ደግ ሴት ናቸው፤ ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነባቸው። ሬዲዮ ላይ ሞቅ ያለ ዘፈን ከመጣ ድምፁን ይቀንሳሉ። ራት ላይ ሁለት ወሬ ካከታተለ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ዓይን ዓይኑን ያያሉ። አንድ ቀን ጢሙን እየተላጨ ቢያፏጭ፣ አረፋው ሳይታጠብ ለሐኪም ደወሉ። እኔንም በዘበኝነት ቀጠሩኝ። ከሳቀ፣ ወሬ ካበዛ፣ ከዘፈነ ቶሎ ልደውልላቸው ቃል አስገቡኝ። እኔም ቃሌን ጠበቅኩ። ምሳ ሰዓት ላይም እሳቸው ራሳቸው ይደውላሉ።

«ዛሬስ?»

«ጸጥ ብሏል፣ እትዬ።»

«ተመስገን።»

በየቀኑ ይኸው ነው። የሱቁ ባለቤትም አላፊ አግዳሚውን «አያችሁት፣ ሰው ሆነ» ይላል። ዝምታ ወርቅ ነው ሲባል ሰምተናላ፤ መስመር በየቀኑ ወርቅ ሲያመርት እያየን ደስ ብሎን ተቀመጥን።

እያደር ግን ነገሩ ያሳስበኝ ጀመር። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ አድሮ እንኳ አርፍዶ ይመጣል፤ ሲመጣም ድንጋይ ተሸክሞ እንደዋለ ሰው ነው። ክኒኑ እጁን ያንቀጠቅጠዋል፤ የሻይ ብርጭቆ የሚያነሳው በሁለት እጁ ነው። ደንበኛ የመስታወቱን ልክ ነግሮት ዞር ከማለቱ «ስንት ነበር ያልከው?» ይለዋል፣ ደግሞ ይጠይቀዋል። ዳቦውን ፊቱ አስቀምጦ ሳይነካው ምሳ ሰዓቱ ያልቃል። ልብሱን መቀየር ተወ። ልናገር ብዬ ስልኬን አነሳና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ምን ልበል? ሰውዬው ዝም አለ ተብሎ ይከሰሳል? እና ሲደወል ያችኑ እላለሁ፤ ጸጥ ብሏል። እሳቸውም ያችኑ ይላሉ።

አንድ ጠዋት የመኖሪያ ቤት መስኮት ሊቆርጥ ቆመ። መቁረጫዋን አሳለፈ። ከዚያ እጁን ያላመነው ይመስል፣ መልሶ በዚያው ጭረት ላይ ደገማት። በእኛ ሥራ መስታወት ሁለቴ አይጫርም። ሁለተኛው ጭረት መስታወቱንም ይሰብራል፣ መቁረጫዋንም ያዶለድማታል፤ ይህን ትናንት የተቀጠረም ያውቀዋል። ጫን ሲለው እንደፈለገ ተሰነጠቀ። ይሰድባል ብዬ ጠበቅኩ። ድሮ ቢሆን የመስታወቱን ሰባት ዘር ቆጥሮ ይረግም ነበር። እሱ ግን ስባሪውን አየት አደረገና ሌላ አነሳ። እሱንም ሁለቴ ጫረው። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ «አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ!» ብዬ ጮህኩበት።

ባለቤቱ ሰምቶ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም። እጁ እስኪበረታ ቤቱ ሄዶ ይረፍ አለና ወደ ደንበኛው ተመለሰ። ይሄማ ጥሩ ሐሳብ ነው ብዬ ኮቱን ላቀብለው ስል፣ መስመር ክንዴን ያዘኝ። እትዬ ሥራ ላይ ናቸው፤ ቤቱ ባዶ ነው።

«ጋሼ፣ ዛሬ ብቻዬን አትተወኝ» አለኝ።

«ለምን?»

«ራሴን ፈራሁት።»

ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም። ቀና ብዬ ባይ ዙሪያውን በሙሉ መስታወት ነው፤ ከዚያ ቀን በፊት የሱቁ ግድግዳ ምን እንደተደገፈበት አስቤው አላውቅም። እጁን ይዤ ወደ እኔ ጥግ ወሰድኩት፤ የአሸዋ ወረቀትና አንድ ፍሬም ሰጥቼ እንዲያሸው ለመንኩት። ፍሬሙ ያለቀለት ነበር። እሱ እየተንቀጠቀጠ ያሻል፤ እንጨቱ አልተቀየመውም። እኔ በአንድ እጄ ትከሻውን ይዤ በሌላው ደወልኩ።

«ሳቀ እንዴ?» አሉኝ እትዬ፣ ሰላምታም ሳይሉ።

«አልሳቀም። ይምጡ።»

«ካልሳቀ ታዲያ ምን ሆነ?»

«አልሳቀም እኮ ነው የምልዎ፣ እትዬ! አልሳቀም!»

በእሳቸው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ሽርጣቸውን ሳይፈቱ ነው የደረሱት።

ሐኪም ቤት ተራ ስንጠብቅ የሚጠሩን አልመስልህ አለኝ። መስመር መሃላችን ተቀምጦ ወለሉን ያያል። እትዬ እጁን ይዘው፣ እኔም የሌላ እጁን እጅጌ ጨምድጄ፣ አንዳችን ብንለቀው የሚወድቅ መስሎን ተቀመጥን። ሐኪሟ ወጣት ናት። እንዴት ሰነበተ ስትል ለመመለስ የፈጠኑት እትዬ ናቸው። ክኒኑን እንደማያቋርጥ፣ እንደሚተኛ፣ ወሬ እንደማያበዛ፣ እንደማይስቅ ነገሯት። በመጨረሻም ከልማድ ብዛት «ጸጥ ብሏል፣ ተመስገን» አሉ። ሐኪሟ እሳቸውን ትታ ወደ እሱ ዞረች። መሞት ያሰኝሃል ወይ ብላ በግልጽ ጠየቀችው። እትዬ የወንበሩን ክንድ ጨበጡ። እሱ ራሱን ነቀነቀ፤ አዎን ነው።

ሳቅህ መቼ ጠፋ ብላ ጠየቀችው። ያን ጊዜ ነው አፉ የተፈታው።

«መጀመሪያ አልጠፋም፤ እኔ ነኝ የደበቅኩት» አለ። «ስስቅ ይደነግጣሉ። ስለዚህ መሳቅ ሲያምረኝ ሽንት ቤት እገባ ነበር። ኋላ ልሳቅ ብልም ከየት ይምጣ። ዝም ባልኩ ቁጥር ተመስገን ይላሉ። እኔ እየሰመጥኩ፣ እነሱ ተመስገን።»

ሐኪሟ አልተቆጣችንም፤ ብትቆጣን በወደድኩ። በዚህ ሕመም መውጣቱ ዓይን ይስባል፣ ሰውን ከሥራውና ከራሱ የሚለየው ግን ብዙ ጊዜ መውረዱ ነው አለች። ማስታወስ የሚያቅተውም፣ ሰውነቱ የሚከብደውም ከዚያ ነው፤ ስንፍና አይደለም። ለእጁ መንቀጥቀጥ የክኒኑን መጠን እንደምታይ፣ ሲያገግምም በግማሽ ቀን ሥራ ቢጀምር እንደሚሻል ነገረችን። የሱቁን ባለቤት የማናግረው እኔ ነኝ ብዬ ማልኩ። አሁን ግን ለጥቂት ቀን እዚሁ ይተኛ አለች።

ነርሷ ልታስገባው መጣች። መስመር መተላለፊያው ላይ ቆመና አልሄድ አለ።

«እትዬ፣ ፈርቻለሁ» አለ።

እትዬ አይዞህ ሊሉት አፋቸውን ከፈቱ። መልሰው ዘጉት።

«እኔም ፈርቻለሁ» አሉት። «ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ፈርቼ አላባራሁም። ግን ስፈራ የኖርኩት አንተን ነው፣ ወንድሜ። ካንተ ጋር መፍራት ሲገባኝ።»

ግንባሩን ትከሻቸው ላይ ጣለውና ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ነርሷ በሩን በክርኗ ደግፋ ጠበቀችን።