የአቤት ልክ

ከሐረር የወጣሁ ማታ፣ እማዬ ኤረር በር አጠገብ ካለው ቤታችን ደጃፍ ቆማ፣ የጫነኝ መኪና ሲንቀሳቀስ «ካሣዬ—!» ብላ ተጣራች። «አቤ—ት!» አልኳት፤ መኪናው እስኪታጠፍ ሳብኩት። ያገሬ ሰዎች ታውቁታላችሁ፣ እናት ስትጣራ አቤት የሚባለው ተስቦ ነው። ቆረጥ ካደረጉት «ምን ፈለግሽ?» እንደማለት ነው፤ እኔም በልጅነቴ ለዚሁ ተቆንጥጫለሁ።

በባቡር ጅቡቲ፣ በመርከብ የፈረንሳይዋ ማርሴይ ገባሁ። እዚህ ዳቦው እንኳ ችኩል ነው፤ ጠዋት ትኩስ፣ ማታ ድንጋይ። የመኖሪያ ፈቃድ ጸሐፊው «ስም?» አለኝ። «ካሣዬ...» ብዬ ያባቴን ስም ሳልጀምር «በቃ!» ብሎ ማኅተሙን መታ። አባቴ እዚያው ቀረ።

ያከራየችኝ ማዳም ደግሞ «ሙሴ ካሣዬ፣ «ዊ—»ን እንዲህ ስትጎትተው ጥርስህን ያመመህ ይመስለኛል። እሺ ከሆነ ቶሎ በለው፣ ካመመህም ሐኪም ጋ ሂድ!» ትለኝ ነበር። ውሎ አድሮ ምላሴም እንደ ሰዉ ሮጠ። ሰው ሆንኩ ብዬ ደስ አለኝ፣ ሞኙ!

ከዓመታት በኋላ የእማዬን ዓይን ሞራ ጋረደው። ደብዳቤዬን ቢያነቡላትም አላመነችም። «ወረቀት ማንም ይጽፋል። ልጄ ሞቶ መርዶውን ደብቃችሁኛል» አለች አሉ። ድምፄን ትስማ ብዬ ለጎረቤት ላክሁና፣ በቀጠሮ ሐረር ስልክ ቤት ወሰዷት።

«እማማ ዘነቡ፣ ልጅዎ ነው፣ ያነጋግሩት» አለች ስልከኛዋ።

«ካሣዬ—?»

«አቤት እማዬ! እኔ ነኝ፣ አለሁ፣ ደህና ነኝ፣ ዓይንሽስ እንዴት ነው?»

«የኔ ልጅ እንዲህ አይሮጥም» አለች።

ደነገጥኩ። «አቤ—ት!» አልኩ፣ እንደዚያ ማታ አድርጌ።

«አሁን ደግሞ አበዛኸው።»

የሳብኩት እንደ ድሮው ነበር፣ እምላለሁ። ግን ጆሮ ድምፅን በክንድ አይለካም፤ ከጎኑ ካለው ቃል ጋር እያስተያየ ነው። ሌላው ንግግሬ ሁሉ አጥሮ፣ ያቺ አቤት ብቻዋን ረዝማ የፌዝ ሆነች። ቀስ ልበል ብል ለቅሶ ቀደመኝ፤ ለቅሶ ደግሞ ድምፅን ይቆራርጣል።

ያመጧትን ጎረቤቶች «በሉ መርዶዬን ንገሩኝ» ስትላቸው ሰማሁ። ከዚያ ወደ እኔ ተመልሳ፣ ድምፅዋን አለዝባ፣

«አንተም እግዜር ይስጥህ፣ ልታጽናናኝ ደከምክ። እናት ካለችህ ለእሷ ደውልላት» አለችኝ።