ዳጉ በእንግሊዝኛ

ከቆቦ ስነሳ እንግሊዝኛ አውቃለሁ ብዬ ነው የተነሳሁት። ማወቁንስ አውቅ ነበር። ሰዋስው ጠይቁኝ፣ ግሡን አገላብጬ አንበለብለዋለሁ። ምንባብ ስጡኝ፣ ጥያቄውን ጥርግ አድርጌ እመልሳለሁ። ይሁን እንጂ የኛ አገር መምህር እንግሊዝኛን በአማርኛ ነበር ያስተማረን። ይህ ቋንቋ በአፍ የሚነገር መሆኑን የተረዳሁት አዲስ አበባ መጥቼ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ የንግግርና የማዳመጥ ፈተና ነበረን። ፈታኛችን ህንዳዊ ነበሩ፤ ፀሐይ እያቃጠለም ሹራባቸውን የማያወልቁ፣ ቀጭን፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሰውዬ። ገና ከመግባቴ አንድ ነገር ጠየቁኝ። ንግግራቸው እንደሚቆላ ቆሎ ይንጣጣል። ምንም አልገባኝም፤ "የስ" አልኳቸው። ሌላ ጠየቁኝ፤ አሁንም "የስ"። ላቤ ሲንቆረቆር አይተው ኖሮ ድምፃቸውን አለስልሰው ሦስተኛ ጥያቄ አመጡ። በአነጋገራቸው ሆዴ ስለባባ ይህኛውን "የስ" ከልቤ አልኩት። እሳቸውም ቁራጭ ወረቀት ጽፈው ሰጡኝና በሩን አሳዩኝ። አለፍኩ ብዬ እየፈነጠዝኩ ወጣሁ። ወረቀቱን ሳነበው ለክሊኒክ የተጻፈ ነው። ለካ "አሞሃል ወይ?" ነበር ያሉኝ።

ክሊኒኩ በር ላይ ተመሳሳይ ወረቀት የያዘ ልጅ ተቀምጦ አገኘሁ።

"ምንህን ነው ያመመህ?" አልኩት።

"እንግሊዝኛ" አለኝ።

የሮቢት ልጅ ነው። ከቆቦ አለፍ ብሎ በዚያው በአውራ ጎዳናው ዳር ያደገ፣ የጎረቤቴ ልጅ ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ አንድ ግቢ ውስጥ ስንተላለፍ ኖረን "የስ" አገናኘችን። እዚያው ደረጃው ላይ በሳቅ ስንፈርስ ነርሷ ወጥታ ሁለታችንንም አየችና፣ እውነትም ሳይታመሙ አይቀሩም በሚል ዓይን ሙቀታችንን ለካችን።

ውጤቱ ሲለጠፍ ግን ሳቁ ጠፋ። ሁለታችንም ወድቀናል። መስከረም ላይ ዳግመኛ እንፈተናለን፤ ያኔ የወደቀ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ነው። እኔ ደግሞ በምን ፊቴ ቆቦ እገባለሁ? አባቴ "ልጄ ከፈረንጅ ጋር በፈረንጅ አፍ ይነጋገራል" ያላለው ሰው የለም። ዋጃ ድረስ ተሰምቷል። ማሽላ ዘርቶ ሰማይ ሰማይ ሲያይ የሚኖር ሰው ነው፤ ከእኔ ሌላ የሚኮራበት ነገር አልነበረውም።

ክረምቱን ለዕረፍት ስገባ ነገሩን ሳልደብቅ ነገርኩት። አልተቆጣም። ትንሽ አሰበና፣

"ለመሆኑ በእንግሊዝኛ ሰላምታ ታውቃለህ?" አለኝ።

"እንዴታ! 'ሃው አር ዩ' ይልሃል፣ 'ፋይን' ትለዋለህ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አለቀ።"

"አለቀ?" አባቴ ደነገጠ። "ቤቱስ? ልጆቹስ? ከብቱስ? ዝናቡስ? እንዲህ ተቆራርጠው ነው እንዴ ሰላም የሚባባሉት? ታዲያ ብትወድቅ ምን ይገርማል? ሰላም ሳትለው ማን ያናግርሃል?"

በሆዴ ሳቅሁ። ያልተማረ ሰው አነጋገር ነው ብዬ ተውኩት።

መላውን ያመጣው ጓደኛዬ ነው። በአንድ የገበያ ቀን ከሮቢት መጥቶ ከከተማው ወጣ ብለን ግራር ሥር ተቀምጠናል። ከዞብል ተራራ ማዶ ግመሎቻቸውን እየነዱ የመጡ አፋሮች መንገድ ላይ ተገናኙ። አፋር የአገሩን ሰው ካገኘ ዝም ብሎ ማለፍ የለም። ቁጢጥ ብለው ዳጉ ይለዋወጣሉ። አንዱ በመንገዱ ያየውን፣ የሰማውን ሁሉ ይናገራል፤ ሌላው ሳያቋርጥ "እህ፣ እህ" እያለ ያዳምጣል። የሰማውንም ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሚቀጥለው ሰው ያደርሳል። ዜና ያዛባ ሰው ከሰው አይቆጠርም።

ጓደኛዬ ጭኑን በጥፊ መታ። "ወላሂ፣ ፈተናው እኮ ይሄ ነው! ንግግርና ማዳመጥ!"

ከዚያ ወዲያ በየገበያ ቀኑ ግራሩ ሥር ቁጢጥ አልን። እሱ ከሮቢት እስከ ቆቦ ያየውን በእንግሊዝኛ ይዘረግፋል፤ እኔ "የስ፣ የስ" እያልኩ እሰማለሁ። ከዚያ መልሼ እነግረዋለሁ። ከጨመርኩ ወይም ከቀነስኩ እንደገና ከሀ ነው። የዘመኑን አውቶቡስ ያህል እየተንገጫገጭን ሄድን። ለግመል ቃል ነበረን፤ ለማሽላ ግን ስላልነበረን "ረጅሙ ስንዴ" አልነው። ጎርፍን "የተቆጣ ውኃ" አልነው። አንዳንዴ ዜናው ያልቅብንና፣ ማዛባት ነውር ነውና፣ ጓደኛዬ ሌላ ነገር ፍለጋ እስከ አስፋልቱ ሮጦ ይመለሳል።

አንድ ቀን የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ጠብመንጃውን እንዳነገተ ከኋላችን መጥቶ ቆመ። ሰፈራችን ውስጥ የሚኖር፣ ከልጅነቴ የማውቀው ሰው ነው፤ ግን በዚያ ዘመን ማን ማንን ያውቃል?

"ተነሱ! የማን ቋንቋ ነው የምታወሩት?"

"እንግሊዝኛ ነው ጋሼ፣ ለፈተና ነው" አልኩ።

"የኢምፔሪያሊስት ቋንቋ በቁጢጥ? ምን ምን እንደተባባላችሁ አሁኑኑ በአማርኛ ተናገሩ!"

ጓደኛዬ ጀመረ። ከሮቢት ሲነሳ አህዮች ጨው ጭነው እንዳየ፣ አውቶቡስ ጎማው ፈንድቶ ሰዉ ሁሉ ወርዶ ሐብሐብ ሲበላ እንደነበር፣ የአንዲት ሴት የቅቤ ማሰሮ መንገድ ላይ እንደተሰበረ ነገረው። ሰውዬው ፊቱን አጨፍግጎ ሲያዳምጥ ቆየና፣

"ማሰሮው የማን ነው?" አለ።

"አ... አላወቅሁም ጋሼ።"

"ሳትጠይቅ?" ጠብመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ከግራሩ ግንድ ላይ አስደገፈውና አጠገባችን ቁጢጥ አለ። "እንዲህ ያለ ጎዶሎ ዜና ይዞ ይመጣል? ሴትዮዋስ ምን ሆነች? ቅቤውስ ተረፈ?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይቀር ይመጣ ነበር። አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ሳያውቅ በእንግሊዝኛ ስናወራ "እህ" ይላል፤ በአማርኛ እስኪተረጎምለትም አይነሳም። ክረምቱ እንዲህ በሳቅ አለቀ። አባቴ ብቻ ወደ መጨረሻው ሰማይ ሰማይ ማየት አብዝቶ ነበር። ማሽላው ሊያሸት ሲል ዝናቡ ቀጥ አለ።

መስከረም ላይ ከፈተናው ክፍል በር ደረስን። ጓደኛዬ ቀድሞኝ ገባ። ሲወጣ አፉን በእጁ ይዟል።

"ቁጢጥ አልኩባቸው!" አለኝ። "ወንበር እያለ!"

እየሳቅሁ ገባሁ። ሽማግሌው ያንኑ ሹራብ ለብሰዋል። ለማዳመጡ ፈተና የሚከፍቱት ቴፕ አጠገባቸው ተቀምጧል።

"ሃው አር ዩ?" አሉኝ።

"ፋይን" ብዬ ዝም ማለት ነበረብኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ክረምቱን ሙሉ የሰለጠነው አፌ አልቆም አለ። እርስዎስ እንዴት ነዎት? ቤትዎ እንዴት ነው? እናትዎ ደህና ናቸው? ልጆችዎስ? ከብቶችዎስ? በአገርዎ ዝናብ ጣለ ወይ? ሁሉንም በእንግሊዝኛ አንጠባጠብኩት፣ የአባቴን ሰላምታ ሳላስቀር። ስጨርስ ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። አለቀልኝ፣ አሁን እንደገና ክሊኒክ ሊልኩኝ ነው ብዬ አሰብኩ።

ብዕራቸውን አስቀመጡ። "እናቴ" አሉ ቀስ ብለው፤ እኔም ሰማኋቸው፣ ቃል በቃል። እናታቸው በሕይወት አሉ። ሩዝ የሚያበቅል መንደር ውስጥ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። አንድ ዓይኗ የጠፋ ጎሽ አለቻቸው፣ እንደ ላም የሚያልቧት። ዘንድሮ ዝናቡ ከመብዛቱ የተነሳ ጎሿ በረንዳ ላይ እያደረች ነው፤ እናታቸውም ከጎሿ ጋር ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። እኔ "የስ፣ የስ" እላለሁ፤ የአሁኑ "የስ" ግን እየገባኝ ነው። እንደጨረሱ እጃቸውን ወደ ቴፑ ሰደዱ። እኔ ግን እንደ ልማዴ ሁሉንም መልሼ መንገር ጀምሬ ነበር፣ ጎሿን ከነዓይኗ፣ እናትየውን ከነጭቅጭቃቸው። ሽማግሌው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ቴፑም ሳይከፈት ቀረ።

"በአንተስ አገር፣ ዝናቡ?" አሉኝ በመጨረሻ።

"መጣ፤ ግን አልቆየም" አልኳቸው።

ለዚህ መልስ ቃል አልፈለግሁም፤ በሆዴ ተርጉሜም አላወጣሁትም። አባቴን እያየሁት ነበር የተናገርኩት። ሽማግሌውም ሳቃቸውን ትተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሁለታችንም አለፍን።

ለጥር ዕረፍት ቆቦ ስገባ ማለፌን ከእኔ ቀድሞ የሰማው አባቴ ደጃፋችን ላይ አስቀመጠኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ፤ የአብዮት ጥበቃው ሰውዬ ከፊት ነው። እኔም የህንዱን መምህር ዳጉ ሳልጨምር ሳልቀንስ አደረስኩ። በጎሿ ደጃፉ በሳቅ ተናጋ። ያን ዓመት ከማሳችን የገባው አገዳ ብቻ ነው፤ እህል የሚባል ነገር አላየንም፤ ግን ሳቅን። አባቴ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀና ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

"ዝናቡስ? በእናታቸው አገር ዝናቡ እንዴት ነው አልክ?"

"መሬቱ እስኪጠግብ ዘንቧል፣ አባዬ።"

አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ።

"ተመስገን" አለ። "ስትመለስ፣ የቆቦ ሰው ደስ ብሎታል በላቸው።"