«ለተማሪ ዕድሜ አይሆንም» የተባለው ቲያትራችን

ዛሬ የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ቲያትሩ መሃል ላይ ሲደርስ መድረክ ወጥቶ ማይኩን ከተማሪዬ እጅ ነጠቀ። ያውም በወላጆች ቀን፣ ወላጆች እያዩ!

ሐይቅ ከተማ አካባቢ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የድራማ ክበብ የምመራው እኔ ነኝ። ቲያትሩን የጻፉት ግን ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ደላላ ዕድሜዋን አስጨምሮ ዓረብ አገር ስለላካት፣ ግፍ በዝቶባት አእምሮዋ ታውኮ ስለተመለሰች ልጅ ነው።

«ይሄ ለተማሪ ዕድሜ አይሆንም። የሚያስቅ ነገር ሥሩ» አለ ዳይሬክተሩ።

(የሚያስቅ! በጦርነቱ የተነቀለው የአዳራሹ በር እስካሁን አልተተካም፤ እሱን ያሳሰበው የሳቃችን ማነስ ነው።)

ልጅቷን ሆና የምትጫወተው ዘሃራ ከመድረኩ አልወረደችም።

«ቲቸር፣ እህቴ ስትሄድ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ያኔ ለዕድሜዋ አይሆንም ያለ ሰው አልነበረም» አለችው።

እናቷ ከኋላ ተነሡ። ሊቆጧት መስሎኝ ደነገጥኩ።

«ወላሂ እውነቷን ነው» አሉ። «ልጄ፣ ጨርሺው።»

ልጆቹ ቲያትሩን ያለ ማይክ፣ እየጮኹ ጨረሱት። ዳይሬክተሩ ጥሎ ወጣ። እኔም ነገ ቢሮ ቀርቤ እንዳስረዳ ተነግሮኛል። እሄዳለሁ፤ ይቅርታ ግን አልጠይቅም።

አሁንም ተናድጃለሁ። ልጆቻችንን ለመከራ ስንልካቸው ያልታየን ዕድሜ፣ መከራውን ሲናገሩ ነው የሚታየን?

እናንተስ በትምህርት ቤት መድረክ «ይሄ አይነገርም» ተብላችሁ ታውቃላችሁ? ምን አደረጋችሁ? ጻፉልኝ፤ ለልጆቹ አነብላቸዋለሁ።