ለእንግዳ የተቆረጠ እንሰት

ቦንጋ ለሚደረግ የግቢ ሠርግ ከአዲስ አበባ የሚሄድ እንግዳ ማወቅ ያለበትን በአንድ ገጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሙሽራይቱ የእህቴ ልጅ ናት። ሁለቱም ሙሽሮች የሚሠሩት አዲስ አበባ ነው፤ ቤተሰቦቻቸው ግን ቦንጋ ናቸው። እሷ አዳራሽ አልፈለገችም። ባደገችበት ግቢ፣ ሣሩ ላይ መዳር ነበር ምኞቷ።

«አጎቴ፣ አንተ ጋዜጠኛ ነህ። ሰው የማይሳሳትበት አድርገህ ጻፍልን» አለችኝ።

እንደ ዜና ጻፍኩት። ጅማ አድራችሁ በጠዋት ተነሱ። ጥር ነው ብላችሁ ጃንጥላ አትተዉ፤ ቦንጋ ላይ ዝናብ ወር አይመርጥም። ቀጭን ታኮ ሣር ውስጥ ይሰምጣልና ጠፍጣፋ ጫማ አድርጉ። ሹራብ ያዙ። መኪና ግቢ አይገባም፤ ከታች ያለው ሜዳ ላይ አቁማችሁ በእግር ውጡ። የመጨረሻው መስመር፣ መምጣት አለመምጣታችሁን ከገና በፊት አሳውቁን የሚል ነበር።

ያሳወቀን ሰው አልነበረም። ስለዚህ ዝርዝሩን ይዤ አንድ በአንድ ደወልኩ። ከሃያ ዓመት በላይ የኖርኩበት ሥራ ይኸው ነው፤ ደውሎ ማጣራት።

«እንዴ፣ የእሷን ሠርግ ትቼ የት እሄዳለሁ?» አሉኝ። «ካልሞትኩ አለሁ» አሉኝ። የእህቴ ባል የድሮ ባልደረባ፣ ጡረታ የወጡ ሰው፣ «ከጅማ ወዲያ መንገዱ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። ከዚያ እንደገና፣ «ስንት ሰዓት ነው ያልከኝ?» አሉ። ደገምኩላቸው። «እግዚአብሔር ያውቃል፤ እንግዲህ እንመጣለን» አሉ። ከስማቸው ጎን «ከባለቤታቸው ጋር ይመጣሉ» ብዬ ጻፍኩ። እምቢ ያለኝ አንድም ሰው የለም። ከአዲስ አበባ ብቻ መቶ ሠላሳ ሰው ሆነ።

ቁጥሩን ለእህቴ ነገርኳት። ድንኳን የሚተክለው ሰው መጥቶ ሲለካ የፊት ለፊቱ ሣር የአገሩን ሰውና ጥቂት እንግዳ ብቻ እንደሚይዝ ታወቀ። የቀረው ቦታ ከቤቱ ጀርባ ነው፤ እዚያ ያለው ደግሞ የእህቴ እንሰት ነበር። እኛ ዘንድ እንሰት የሴቷ ነው። የተከለችውም፣ ከቦታ ቦታ ያዛወረችውም፣ የትኛው በየትኛው ዓመት እንደሚደርስ የምታውቀውም እሷ ናት። ሌላው ሁሉ ባለቀበት ዓመት የሚያበላ እሱ ነው። አብዛኛው ለመድረስ ገና ሁለት ሦስት ዓመት ይቀረው ነበር።

ደወለችልኝ።

«ባለ ድንኳኑ ይቆረጥ ይላል። ጋሽህም እንግዳ ቆሞ አይበላም ይላል» አለች፤ ባሏን ማለቷ ነው። «አንተስ? በእርግጥ ይመጣሉ?»

«እያንዳንዳቸውን ደውዬ ጠይቄአለሁ።»

«እሱንማ ሰማሁ። ይመጣሉ ወይ ነው ያልኩህ።»

«ይመጣሉ፣ እትዬ።»

«በቃ፣ ይቆረጥ።»

ከሠርጉ ሦስት ቀን ቀድሜ ስደርስ የቤቱ ጀርባ ባዶ ነበር። ትንንሾቹን ነቅላ አጥሩ ጥግ አጨናንቃ ተክላቸዋለች። ትልልቆቹ ተቆርጠው፣ ሥራቸው ወጥቶ፣ ጉድጓዱ በአፈር ተደፍኗል። አንዲት ጎረቤቷ፣ አማርኛውን በካፋዎች ቋንቋ በካፊኖኖ ቃና የሚናገሩ ሴት፣ ለቅቅል የሚሆነውን ሥር ይለያሉ።

«አዲስ አበባ በሙሉ ይመጣል አሉኝ» አሉ ሴትየዋ። «ከተማውን ማን ሊጠብቅ ነው?»

«ጋዜጠኛው ይኸውልሽ፤ እሱን ጠይቂው» አለች እህቴ፣ እየሳቀች።

ሴትየዋ ቀና ብለው አዩኝ። «እንሰት ለሰው ይቆረጣል። ሰው ከመጣ ጥሩ ነው።»

በሠርጉ ቀን ረፋድ ላይ ከተከራየናቸው ሁለት ኮስተሮች አንዱ መጣ። ሁለተኛው ተሳፋሪ አጥቶ ጭራሽ ከአዲስ አበባ አልተነሳም። በየመኪናቸው የመጡትን ጨምሬ ሠላሳ ዘጠኝ ሰው ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው ነው። ጡረተኛው ጋ ስደውል ስልካቸው ዝግ ነበር።

ለሠላሳ ዘጠኙ የፊቱ ሣር በቅቷቸዋል። የኋላው ድንኳን ነጭ ጨርቅ ከለበሱት ወንበሮቹ ጋር ባዶውን ዋለ። ከሰዓት በኋላ ሲዘንብ አዲሱ አፈር ራሰና የወንበሮቹ እግር እየሰመጠ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ዘመመ። እህቴ ፎቶ አንሺው እንዳያየው መጋረጃ አስጋረደች።

«እማዬ፣ ኋላ ያሉት በሉ?» አለቻት ሙሽራይቱ።

«በልተዋል፣ ልጄ» አለች።

ከዚያ መጋረጃው ጋ ወደቆምኩት ወደ እኔ መጣች። ድምጿን አላነሳችም።

«ጠየቅካቸው፣ መለሱልህ። ለመሆኑ አንተ ራስህ ሠርግ ለጠራህ ሰው አልመጣም ብለህ ታውቃለህ?»

አላውቅም። ቢያንስ ሁለት ጊዜ እመጣለሁ ብዬ ቀርቻለሁ። እዚያው ግቢ አካባቢ ነው ያደግኩት፤ ጠሪን ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም። የጡረተኛውን ዝምታ ሰምቻለሁ። መንገዱን ሁለት ጊዜ መጠየቃቸውንም ሰምቻለሁ። የጻፍኩት ግን መጨረሻ ላይ ያሉትን ብቻ ነው።

ያንን ገጽ ዛሬ ብጽፈው ጃንጥላውንና ጫማውን ወደ ታች አወርዳቸዋለሁ። ከሁሉ በላይ የማሰፍረው አንድ ነገር ነው፦ የማትመጡ ከሆነ አልመጣም በሉ። ጠሪያችሁ ቅር ይለዋል። ይበለው።

በማግስቱ ድንኳኑ ተነሳ። እህቴ አጥሩ ጥግ ጎንበስ ብላ የተጨናነቁትን ትንንሽ እንሰቶች ታያለች።

«እነዚህ እንዲህ ሆነው አይኖሩም። ፋሲካ ላይ ወደ ቦታቸው ልመልሳቸው ነው። ጋሽህ ወገቡን ያመዋል። መጥተህ ትቆፍርልኛለህ?»

እመጣለሁ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ለፋሲካ ግን ዜና ክፍል ተረኛ ነኝ።

«አልመጣም፣ እትዬ። ሥራ ላይ ነኝ።»

ፊቷ ጠቆረ። ቀና ብላ ያቺን ጎረቤቷን በአጥሩ በኩል ጠራችና ባላቸው ፋሲካ ላይ መጥተው ይቆፍሩላት እንደሆነ በካፊኖኖ ጠየቀቻቸው። ሴትየዋ ወዲያው እሺ አሉ። እህቴ ግን አጥሩን አልለቀቀችም፤ ያንኑ ጥያቄ ደግማ ጠየቀቻቸው።