ጣታቸው ያረፈበት ገጽ

አገሬ በገባሁ ቁጥር አባቴን ነቢይ ነበሩ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እኔ ደግሞ ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። አልነበሩም፣ ተዉኝ እስቲ እላለሁ፤ ማን ይሰማኛል? ትሕትና ይመስላቸዋል። አባቴ ራሳቸው ቢሰሙ ከእኔ ብሰው ይቆጡ ነበር።

አባቴ ዓይነ ስውር የብሉይ መምህር ነበሩ። ገና በልጅነታቸው ፈንጣጣ ዓይናቸውን ስለወሰደው ትምህርቱን ሁሉ የያዙት በቃል ነው። ጋዝጊብላ ውስጥ በምትገኘው መንደራችን ሰዉ በሙሉ፣ እኛ ልጆቻቸው ሳንቀር፣ የኔታ ነበር የምንላቸው። ተማሪዎቻቸው በስንቅ እጦት ሲበተኑ ንባቡ እኔ ላይ ወደቀ። የሚገርመው ፊደል ያስቆጠረኝ የደርግ መሠረተ ትምህርት ነው። አስተማሪው እግዚአብሔር የለም እያለ ባስቆጠረኝ ፊደል ለአባቴ መጽሐፍ ቅዱስ አነብላቸው ጀመር። እሳቸው በግዕዝ በልባቸው ይዘውታል፤ እኔ ከታተመው አማርኛ ሳነብ አንዲት ቃል ብዘል ወዲያው "ተመለሽ" ይሉኛል። ሐሞቴ እስኪፈስ ድረስ ያስመልሱኝ ነበር።

ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት የጥበብ መጻሕፍቱን ነው። እነሱን ባነበብኩላቸው ቁጥር አንድ ነገር ሳይናገሩ አያልፉም። ነቢይ ከእግዚአብሔር የሰማውን ይናገራል፤ ጠቢብ ግን የሰውን ኑሮ አይቶ፣ ለፍቶ፣ ደክሞት የደረሰበትን ነው የሚነግረን፤ ነገ የሚሆነውን ጠቢብም አያውቅም ይላሉ። ስለዚህ መጽሐፍ ማስገለጥ የሚባለውን ልማድ አጥብቀው ይጠሉ ነበር። በእኛ አገር ሰው ነገር ሲጨንቀው ወደ ተማረ ሰው ይሄዳል። የተማረው ሰው መጽሐፉን እንዲሁ ይከፍትና ጣቱን ያሳርፋል፤ ጣቱ ያረፈበት ቃል መልስ ነው። አንድ ጎረምሳ የማገባት ልጅ ትሆነኝ እንደሆነ ይግለጡልኝ ብሎ ቢመጣ አባቴ "ሂድና እሷን ጠይቃት" ብለው መለሱት።

ከሰባ ሰባቱ ረሃብ በፊት በነበረው ክረምት ግን የሰዉ ጥያቄ ሌላ ሆነ። በልጉ ቀርቷል፣ ሰኔ ደረቅ አልፏል፣ ሐምሌም ተጋምሷል። በየቤቱ የተረፈ እህል ቢኖር ለዘር የተቀመጠ ገብስ ነው። እኛ ቤት አንድ አቅማዳ ነበር። እናቴ ሐሳቧን ቆርጣለች፦ ገብሱን ቆልታ፣ በሶ አድርጋ፣ ጉልበታችን ሳያልቅ ኮረም መግባት። እዚያ እህል ይታደላል ይባል ነበር። "ይቺ ልጅ መስከረምን አታይም፤ ዘሩ ለማን ሊሆን ነው?" ትላለች። ልጅ የምትላት የሦስት ዓመቷን እህቴን ነው። እህቴ መሮጥ ከጀመረች በኋላ ተመልሳ መዳህ ጀምራ ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የመንደሩ ሽማግሌዎች ደጃችን መጥተው ተቀመጡ። በኽምጣንጋ እርስ በርሳቸው ሲመካከሩ ቆዩና ትልቁ ሽማግሌ በአማርኛ ተናገረ።

"የኔታ፣ ዘሩን እንዝራው ወይስ ሰንቀን እንሰደድ? መጽሐፉን ይግለጡልን።"

"እኔ ነቢይ አይደለሁም" አሉ አባቴ።

"ነቢይ ከወዴት እናምጣ? ያለነው እኛ፣ ያሉን እርስዎ።"

አባቴ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ያን ሁሉ ዘመን እንቢ ያሉትን ያን ዕለት ለምን እሺ እንዳሉ አላውቅም፤ ሰው መመለስ ታክቷቸው ይሆናል። ከፈቱና ጣታቸውን አሳረፉ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ልጆቹንም ከብቱንም ያጣው ያ ጻድቅ ሰው፣ አመድ ላይ ተቀምጦ የተወለደበትን ቀን የሚረግምበት ቦታ ነው። ቀና አልኩ። ሽማግሌዎቹ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፤ ሁሉም አፍ አፌን ያዩኛል። እናቴ እህቴን አዝላ በሩን ተደግፋ ቆማለች። እንዴት ብዬ ያንን ላንብብላቸው? ጠቢቡ፣ ሰው እጁን ሳይሰበስብ እንዲዘራ የሚመክርበትን ስፍራ ደግሞ ከመደጋገሙ የተነሣ በቃሌ አውቀዋለሁ። አንዲት ቅጠል ሳልገልጥ፣ ዓይኔን ከገጹ ሳልነቅል፣ እሱን አነበነብኩት።

ሽማግሌዎቹ ተነሥተው መሬት ሳሙ። አባቴን አየኋቸው። አንዲት ቃል ስዘል የሚያስቆሙኝ ሰው ተመለሽ አላሉኝም። መጽሐፉን ቀስ ብለው ከደኑት።

በሦስተኛው ቀን ዘነበ። አባቴ ነቢይ የሆኑት ያኔ ነው። ዝናብ የሚሉት ነገር ቢጠፋ ኖሮ እኮ ሰዉ ገብሱን በልቶ መንገዱን ይሄድ ነበር። መንደሩ በሙሉ ያለውን ዘር ይዞ ወደ ማሳው ወጣ። በደጃችን የሚያልፍ ሁሉ ሸክሙን አውርዶ ለአባቴ እጅ ይነሣል። እናቴ አቅማዳውን ስታራግፍ ሁለት እፍኝ ለእህቴ ብላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። ጎረቤታችን አየችና "አንቺ፣ ቃሉን ትጠራጠሪያለሽ? ያውም በባልሽ አፍ የመጣውን?" አለቻት። እናቴ አፈረች። ቋጠሮውን ፈትታ ለእኔ ሰጠችኝ። የበተንኩት እኔ ነኝ።

ዝናቡ አራት ቀን ዘነበና ሄደ። ገብሱ ጣት የሚያህል በቅሎ ነበር። ነሐሴ ሳያልቅ ማሳው ሁሉ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ገለባ እንኳ የማይሆን ብናኝ ሆነ። አባቴን የወቀሰ ሰው አልነበረም። ኃጢአታችን ነው እንጂ የኔታማ ነግረውን ነበር ይላሉ። ምነው በሰደቧቸው ኖሮ። ምነው አንድ ሰው መጥቶ ደጃችን ላይ በጮኸ ኖሮ።

በመስከረም መጨረሻ ባዶ እጃችንን ለኮረም ተነሣን። እኔ የአባቴን በትር ጫፍ ይዤ እመራለሁ፤ እናቴ እህቴን አዝላ ከፊት ትሄዳለች። በሁለተኛው ቀን እህቴ እናቴ ጀርባ ላይ ሞተች። እናቴ ያወቀችው ዳገቱን ከጨረስን በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ እሹሩሩ ትላት ነበር። ከመንገዱ ዳር ጉድጓድ የሚባል ነገር ቧጠን ቀበርናት። ቄስ ስላልነበረ አባቴ ከፍትሐቱ በቃላቸው የያዙትን አሉላት። እናቴ አውሬ እንዳያወጣት ድንጋይ ትደረድር ጀመር።

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ።

"ያን ዕለት ጣቴ ያረፈው የት ነበር?"

እንዳለ ነገርኳቸው። የምዋሽበት ጉልበትም አልነበረኝም።

"አውቄዋለሁ" አሉ። "ያ መጽሐፍ ስንት ዓመት ጉልበቴ ላይ ኖሯል። አንቺ ያልሽው ቃል ጋ ለመድረስ ገና ብዙ ቅጠል ይቀረው ነበር።"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?"

"ሰዎቹ እፎይ ሲሉ ሰማሁ" አሉ። "እኔም ደስ አለኝ።"

የድንጋዩ ድምፅ እንደቆመ ያስተዋልኩት ያኔ ነው። እናቴ የመጨረሻውን ድንጋይ በሁለት እጇ እንደያዘች እያየችን ነበር። ድንጋዩን በቦታው አኖረችው፣ ባዶውን አንቀልባ አንሥታ እንደ ነበረው ጀርባዋ ላይ አሰረችውና መንገዱን ያዘች። እኔም በትሩን ይዤ ተከተልኳት። ኮረም እስክንገባ አንድ ጊዜ እንኳ ዞራ አላየችንም።