«የተጣላ አለ?»

ልጅ ሳለሁ፣ ልደታ ጌጃ ሰፈር ውስጥ፣ አንድ ሰው አንበሳ በጥፊ ገደለ ቢሉኝ የምጠይቀው «በቀኙ ነው በግራው?» ብቻ ነበር። ለዚህ ያበቁኝ ጎረቤታችን አባባ ሸዋንግዛው ናቸው። ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነበሩ። ያኔ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መዶሻቸውን ያስቀምጡና፣ ከሰሉ ገና ፍም ሆኖ ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠው፣ ፋኖሱን ለኩሰው፣ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ በተደፋ ባልዲ ላይ አስቀምጠው ተረት ይጀምሩ ነበር። በእሳቸው ተረት ሰው በእርጅና አይሞትም። ወይ አንገቱ ይቀላል፣ ወይ ጎኑ በጦር ይበሳል፤ የአሥራ ሁለት ሽፍታ ጥርስ በአንድ ቡጢ ረግፎ እንደ ተፈለፈለ በቆሎ ይንከባለላል። ቡጢው ደግሞ ሁልጊዜ የራሳቸው ነው። ክንዳቸው የዝግባ ግንድ ያህል ስለነበር ማንም አይጠራጠርም፤ እኔማ አጥንት በተሰበረ ቁጥር አጨበጭብ ነበር።

እናቴ፣ እትዬ የሺ፣ ባሏ የሞተባት ልብስ አጣቢ ነበረች። የምንበላው በሁለት እጇ ሠርታ ነበር። እሷም አባባ ሸዋንግዛውም የአንድ ማኅበር አባላት ነበሩ፤ በየወሩ በልደታ ቀን በየተራ ቤት ለጸሎት ይሰበሰባሉ። ሥርዓቱ ጥብቅ ነው፦ ጽዋው ሳይነሳ፣ ዳቦው ሳይቆረስ፣ አባ ወልደ ሰንበት የሚባሉት ቄስ «የተጣላ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ካለ፣ ሳይታረቅ ጸሎት አይጀመርም፤ ማንም ምንም አይቀምስም። ዘመን ሲረዝም ግን ሆድ ሥርዓቱን ረታው። አባ ገና «የተጣ…» ሲሉ ሃምሳ አፍ «የለም!» ይላል። ጸሎቱም ጅብ እንዳባረረው አህያ ይጋልባል።

ተራው የእናቴ የሆነ ዕለት፣ ክረምት ነበር፣ ቀትር ላይ፣ አባባ ሸዋንግዛውና አናጢው ጋሽ ንጋቱ ሰላምታ ካቆሙ ሦስት ሳምንት ሆኗቸው ነበር። የጋሽ ንጋቱ አሸንዳ የጣራውን ውኃ በቀጥታ አባባ ሸዋንግዛው ከሰል ላይ ይደፋዋል። ይህን የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ያውቃል። አባ ጠየቁ፤ «የለም!» ተባለ፤ የሁለቱ ድምፅ ከሁሉ ይጎላ ነበር። አባታችን ሆይ ተጀመረ። «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ላይ ሲደረስ ጋሽ ንጋቱ በአፍንጫው ሳቀ።

«ምን ያስቅሃል?» አሉ አባባ ሸዋንግዛው ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«እርስዎ ይቅር ሲሉ ነዋ! ትላንት አሸንዳዬን በመዶሻ ያጎበጠው መልአክ ነው?»

«ቀጥሎ የሚጎብጠው አንገትህ ነው!»

አባባ ሸዋንግዛው የተቀመጡበት በርጩማ በረረ። የጋሽ ንጋቱ ግንባር እንደ ሐብሐብ ተሰነጠቀ፤ ደሙ ከነጭ ጋቢው አልፎ ግድግዳውን ቀባው። እሱም የጠላውን ማሰሮ አንስቶ አባባ ሸዋንግዛው ጀርባ ላይ ፈረከሰው። ከዚያማ ማኅበርተኛው ለሁለት ተከፍሎ ተፋለጠ። ጥምጣም ተፈታ፣ ጢም ተነጨ፣ ጩኸቱ ከአብነት እስከ ተክለ ሃይማኖት ተሰማ፤ ዳቦው እንኳ ነፍሴ አውጪኝ ብሎ በበሩ ተንከባሎ ወጣ። እናቴ እጇን ዘርግታ «ስለ እመቤታችን!» እያለች መሀል ገባች። አባባ ሸዋንግዛው ያነሱት ሁለተኛው በርጩማ በዚያው ቅጽበት ወረደ፤ ቀኝ ክንዷ ላይ።

በተረታቸው ስንት አጥንት ሲሰበር ሰምቻለሁ። እንዲህ ዓይነት ድምፅ ግን ኖሮት አያውቅም።

ዘልዬ ጭናቸው ላይ ተጣበቅሁ። ጥርሴ እስኪገናኝ ነከስኳቸው፤ ሦስት ጎልማሳ ነው ያላቀቀኝ።

ወጌሻ ተጠርቶ ክንዷን አስሮ ሲጨርስ ሰዎች ሹልክ ሊሉ ተነሱ። አባ በሩ ላይ ቆመው በመቋሚያቸው መሬቱን መቱ። «ጸሎቱ ተከፍቷል፤ አልተዘጋም። ማንም አይወጣም!»

ሁለቱ ጠበኞች የወፍጮ መጅ በማጅራታቸው ተሸክመው እናቴ እግር ላይ ወደቁ። ፊቷ አመድ መስሎ «እግዚአብሔር ይቅር ይበላችሁ» አለች። እርስ በርስም ተሳሳሙ። አባ አሁን ቀስ ብለው ጠየቁ፦

«የተጣላ አለ?»

«አለ!» አልኩ። «እኔ!»

«ዝም በይ አንቺ!» አለ አንዱ። «ሕፃን ናት አባ፣ ይለፏት» አለ ሌላው።

«ጥምቀቷ እንደ እናንተው ነው» አሉ አባ። «አትታለፍም።»

ከረሜላ ቃል ተገባልኝ፤ በአለንጋም ተዛተብኝ። የሃምሳ ሰው ሆድ እንደ ነሐሴ ነጎድጓድ ያጉረመርማል። አባባ ሸዋንግዛው ጎንበስ ብለው «ዘኔ ልጄ፣ ተረት ልንገርሽ?» አሉኝ።

«አልፈልግም! የነገውን ልብስ ማን ያጥባል?»

ግቢው ውስጥ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን የሠርግ ልብስ በሳፋ ተዘፍዝፎ ነበር፤ በማግስቱ ጠዋት መድረስ አለበት። አባባ ሸዋንግዛው እያነከሱ ወጥተው ሳፋው ሥር ተቀመጡ። ያ አንበሳ የገደለ እጅ ሸሚዝ ሲይዝ ኮሌታውን ከሥሩ ገነጠለው። ዝም ብዬ ማየት አቃተኝ።

«እንደሱ አይደለም! መጀመሪያ እጅጌው ይገለበጣል።»

«እንዲህ?»

«ኧረ አይደለም! በመዳፍዎ ይሹት። ቆርቆሮ መሰለዎት?»

ጋሽ ንጋቱ ግንባሩ እንደታሰረ ውኃ አመጣ። ሴቶቹ ኮሌታውን ሰፉ፣ ወንዶቹ ጨመቁ፣ ገመድ ተዘረጋ። አባ ከበሩ ላይ ተጣሩ። «ዘነበች፣ የተጣላ አለ?»

የአባባ ሸዋንግዛው ሱሪ ላይ ጥርሴ ያፈሰሰው ደም ይታያል። «ቆይ፣ ይሄ ይለቅለቅ» አልኩ። ከለቀለቅነው በኋላ «የለም» አልኩ።

እጃችን ሳሙና እንደሆነ እዚያው ግቢ ቆመን ጸሎቱን ከመጀመሪያው ጀመርነው።

ክንዷ እስኪጠግን ድረስ ማኅበርተኛው በተራ ልብስ አጠበ። ከዚያ በኋላም ልማድ ሆኖ ቀረ፤ ጸሎት ተደርሶ ዳቦ ከመቆረሱ በፊት «ዛሬ ማን ቤት ነው?» ይባላል፤ ጣራ የሚያፈስበት፣ ጠያቂ ያጣ በሽተኛ፣ ክርስቲያን ይሁን እስላም ሳይለይ ሁሉም ይታገዛል። ሰው «ማኅበሩ ታደሰ» ይል ነበር። ዛሬ ያ ግቢ ፎቅ በቅሎበታል፤ እኔም ከአባ ወልደ ሰንበት ዕድሜ አልፌያለሁ። አንድ ላይ መጸለይ ለምን እንደሚያስፈልግ ሳስበው፣ ጩኸታችን እንዲበረታ አይመስለኝም፤ እግዜር ደንቆሮ አይደለም። ብቻዬን ስጸልይ ስዋሽ የሚያውቅብኝ የለም። ከሰው ጋር ስቆም ግን ያስቀየምኩት ሰው ትንፋሽ ጆሮዬ ሥር ነው።

የእናቴ ክንድ ጠሞ ነው የጠገነ። ጸሎቱ አላቃናውም። እስከ ዕለተ ሞቷ «ይቅር እንደምንል» የሚለው ላይ ስትደርስ ትንሽ ትቆም ነበር። ማኅበርተኛውም ሁሉ፣ አባም ጭምር፣ ዝም ብሎ ይጠብቃታል።