ሌባ የማይመኘው ዕቃ

እኔ የምሸጠው ባዶ ነገር ነው። ጀሪካን፣ የዘይት ባልዲ፣ የቀለም ቆርቆሮ፤ ክዳን ያለውም ክዳኑ የጠፋውም። በውስጡ የነበረውን ሌላ ሰው በልቶታል፣ ጠጥቶታል፣ ግድግዳ ቀብቶበታል፤ እኔ ጋ የሚደርሰው ቅርፊቱ ነው። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ከባዶ ዕቃ ጋር አርጅቻለሁ። ጀሪካን ሲሰነጠቅ በጋለ ቢላዋ አቅልጬ እደፍነዋለሁ። ለጉልበቴ ግን እስካሁን የሚደፍነው አልተገኘም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ እሸጣለሁ፣ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

ነርሷ የመጣችው ሰኔ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ዝናብ ገበያውን ጭቃ ባደረገበት ሰሞን። ነርስ መሆኗን የነገረኝ ጫማዋ ነው። በዚያ ጭቃ ነጭ ጫማ አድርጎ ቅዳሜ ገበያ የሚገባ ወይ ነርስ ነው ወይ እብድ።

«ጋሼ፣ ውኃ የማያስገባ ዕቃ አለዎት?»

«ሁሉም አያስገባም። እስኪያስገባ ድረስ።»

አልሳቀችም። «ውጭ የሚቀመጥ ነው። ዛፍ ሥር፣ ክረምቱን ሙሉ።»

«ምን ሊይዝ?»

«ወረቀት።»

«ወረቀት ከሆነማ ቤት አስቀምጪው፣ ልጄ። ቤት የሚሠራው ለዚሁ አይደል?»

«ቤቱ እኔን አያስገባም» አለች።

እንዲህ ያለ መልስ ከሰማህ ወዲያ ዋጋ መጥራት ያስቸግራል። ክዳኑ ጥብቅ የሚል ትንሽ ነጭ ባልዲ አውጥቼ ሰጠኋት።

ነገሩን ያወቅሁት በኋላ፣ ቀስ በቀስ ነው። አባቷ ወገራ ናቸው፤ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከወንዶች ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። ወንድሞቿ የመረጡላትን ባል እንቢ ብላ፣ ትምህርቴ ይበልጥብኛል ብላ ጎንደር ከወረደች ወዲህ፣ ደጃችንን እንዳትረግጪ ተብላለች። አባትየው በዚህ አልተስማሙም፤ ግን ማን ጠየቃቸው? ሽማግሌ በልጁ እጅ ከገባ ወዲያ ድምፁ የሚያገለግለው ለጸሎት ብቻ ነው። ስልኩም ያለው በታላቅየው ኪስ ነው።

ስለዚህ አባትና ልጅ ከመንገድ ዳር ካለ ትልቅ ጥድ ሥር ፖስታ ቤት ከፈቱ። እሷ በእረፍት ቀኗ በሚኒባስ ሄዳ ትወርዳለች፤ ደብዳቤዋን በሥሮቹ መካከል ባለው ጉድጓድ ሸጉጣ በሚቀጥለው መኪና ትመለሳለች። እሳቸው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ያወጡታል። በልጅነታቸው ቄስ ትምህርት ቤት ስለገቡ ያነባሉ፤ መጻፍ ላይ ግን የሉበትም። መልሳቸው በጨርቅ የተቋጠረ ቆሎ ነው። ቆሎ ካለ፣ ደርሶኛል፣ ደህና ነኝ ማለት ነው።

«ጨው የበዛበት ከሆነስ ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠይቄያት ነበር።

«የወንድሜ ሚስት ቆልታዋለች ማለት ነው።»

ያ ክረምት ግን ቀልድ አልነበረም። የአባቷን ዓይን ሞራ እየለበሰው ነበር። አንደኛው ጨርሶ ተዘግቷል፤ ሌላው ጊዜ እየጠበቀ ነው። መስቀል ሲያልፍ ሞራ የሚገፉ ሐኪሞች እሷ የምትሠራበት ሆስፒታል ድረስ እንደሚመጡ ሰምታ አባቷን አስመዝግባለች። ወንድሞቿ ደግሞ በሰው ተጠይቀው፣ «በስተርጅና ዓይን ምን ያደርግለታል? የሚያየውን አይቷል» ብለዋል። እንግዲህ ቀኑን ለአባቷ የሚያደርስላት ያ ጉድጓድ ብቻ ነው። አባቷ እንዲያዩላት ፊደሉን የጥፍር ያህል አድርጋ በወፍራም ቀለም ትጽፋለች። ያ ቀለም ደግሞ ጠብታ ከነካው ይሟሟል።

ሐምሌ ላይ ተመልሳ መጣች። ጫማዋን ቀይራለች።

«ባልዲውን ሰረቁት!»

«ደብዳቤውስ?»

«አጥፈው፣ ድንጋይ ጭነውበት ትተውታል። ዝናቡ አጥቦት ነጭ ሆኖ አገኘሁት።»

«ጨዋ ሌባ ነው።»

«ጋሼ፣ እኔ እንደዚህ ሆኜ እርስዎ ይቀልዳሉ!»

እውነቷን ነው። ግን ጥፋቱ የሌባው ብቻ አይደለም። እዚያ አገር ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ቅቤ ይቀመጥበታል፣ በርበሬ ይቀመጥበታል፤ ሙሽራ ይዛው ትሄዳለች። ንጹሕ ባልዲ ዛፍ ሥር ትቶ መሄድ ሙክት አስሮ ትቶ እንደመሄድ ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው የሚፈልገውን ዕቃ ሳሳድድ ኖሬ፣ ማንም የማይፈልገውን ዕቃ ሥራ ተባልኩ።

ወፍራም የፍሳሽ ቱቦ፣ ክንድ የምታህል ቁራጭ ፈለግሁ። አንዱን አፍ በከሰል አሙቄ ጨፍልቄ አጠፍኩት። ለሌላው የሚጠመዘዝ ክዳን አገኘሁለት፤ ከመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ቀለበት ቆርጬ ከክዳኑ ሥር አስገባሁ፤ ጥርሱን ሰም ቀባሁት። ውስጡ ወረቀት አድርጌ፣ ድንጋይ አስሬ ቀሐ ወንዝ ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት ሳወጣው ወረቀቱ ደረቅ ነው። ኮራሁ። ከዚያ ደግሞ ጣሪያዬ ላይ አሰነበትኩት፤ ፀሐይ ቀን ያግለዋል፣ ብርድ ሌሊት ይጨብጠዋል። ስከፍተው ወረቀቱ እንደ ደከመ ጎመን ተልፈስፍሷል። ለካ ውኃ የማያስገባ ዕቃ ውኃ አያስወጣም! አብሮ የተዘጋበት እርጥብ አየር ውስጡ ሆኖ ያልበዋል። ስለዚህ እርጥበቱን እንዲጠጣ ደረቅ ከሰል ሰብሬ፣ በጨርቅ ቋጥሬ፣ በክር አስሬ ጨመርኩበት። ነጩ ቱቦ ከሩቅ እንዳያብረቀርቅ ደግሞ ከተረፈው ጥቁር ላስቲክ በጥብጣብ ቆርጬ ከላይ እስከ ታች ጠቀለልኩት። ላስቲኩ እንዳይፈታ ተበተብኩት። ቤት ውስጥ የተገኘው ክር ቀይ ነበር።

ነርሷ አገላብጣ አየችው። «አስቀያሚ ነው።»

«የደከምኩት ለዚሁ ነው።»

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወስዳ አስቀመጠችው። መስከረም በገባ በሳምንቱ፣ እኔ ጀሪካን እያጠብኩ፣ ከፊቴ መጥታ ቆመች።

«ዕቃውም የለም፤ ቆሎውም የለም። ይኼንንም ሰረቁት!»

«ይኼን የሚሰርቅ ሰው አልተወለደም።»

«እንግዲያው ተወልዷል!»

ከዚያ ድምፅዋ ሰለለ። መስቀል ደርሷል። ለእሷ ፈቃድ የለም፤ ፈቃድ ቢኖርም መንደሩ ውስጥ ገብታ አባቴን አምጡ ማለት አትችልም። እኔ ሩኅሩኅ ሰው አይደለሁም፤ የሚያውቁኝ ይመሰክራሉ። ግን ሌባ የማይመኘው ነው ብዬ የሰጠሁት ዕቃ ተሰረቀ መባል ለአንድ ነጋዴ ከባድ ነው። «እኔ ሄጄ አያለሁ» አልኳት፤ ወዲያውም ጉልበቴ ወቀሰኝ።

የዚያ ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሹፌሩ ይኬዳል ካለ ትሄዳለህ። በተከፈተ ቀን ከአንድ አይሱዙ ጋቢና ተጠግቼ ወጣሁ። ወለቃን ስናልፍ ሸክላ የሚሸጡት ሴቶች ዝናብ መጣ ብለው ዕቃቸውን ላስቲክ ያለብሳሉ። እሳት የበላውን ሸክላ ሰው ከዝናብ ሲሸሽግ፣ እኔ ወረቀት ሜዳ አሳድራለሁ።

ከጥዱ ሥር ወርጄ አየሁ። ጉድጓዱ ባዶ ነው። ከመንገዱ ማዶ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ሻይ የምታፈላ ሴት አለች። አሮጌ ጀሪካን ገዢ ነኝ ብዬ ተቀመጥኩ። ሻዩን አጋምሼ፣ «እንደው ከዚያ ዛፍ ሥር የወደቀ ዕቃ ያገኘ ሰው አለ?» አልኳት።

አማተበች። «ምነው፣ እርስዎም ሰሙ?»

«ምኑን?»

«መተቱን ነዋ! ጥቁር ጎማ የለበሰ፣ በቀይ ክር የተተበተበ! ሲነቀንቁት ውስጡ ኳ ኳ ይላል አሉ። ዓይናቸው የደከመው አያ ናቸው ያገኙት። ለካ ዓይኔን የያዘው ይኸው ኖሯል ብለው፣ በእንጨት አንጠልጥለው ጠበል ወሰዱት። እሳቸውም እዚያው ሰነበቱ፤ እሱም አብሮ ይጠመቃል።»

ብርጭቆውን አስቀመጥኩት። ከሰል በጨርቅ ተቋጥሮ፣ ሰም፣ ጥቁር ላስቲክ፣ ቀይ ክር፣ ዛፍ ሥር። አንድ በአንድ ሲታይ ሁሉም ሸጋ መላ ነው፤ አንድ ላይ ሲሆን ግን ከጠንቋይ እጅ የወጣ ነው የሚመስለው። ዕቃው ተቀይሯል፣ አይፍሩ ብሎ የሚነግራቸው ደግሞ የለም፤ መልእክት የሚላክበት ዕቃው ራሱ ነበርና።

ጠበሉ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ገደል ውስጥ ነው። ቁልቁለቱን በቂጤም በእጄም ወረድኩ። ውኃው ከእንጨት ቦይ ይወርዳል። ከቦዩ ሥር ሥራዬ በገመድ ተንጠልጥሎ ጠበሉ ናላውን ይመታዋል። መጀመሪያ ያየሁት ክዳኑን ነው፤ ልማድ ነው። አልላላም።

አባትየው ጋቢ ለብሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ወተት የነካው ውኃ ይመስላል። ጠና ያሉ ቄስ መስቀል ይዘው ከአጠገባቸው ቆመዋል። እኔ እንደ ሞኝ ቀጥ ብዬ፣

«አያ፣ ያ ዕቃ የእኔ ሥራ ነው» አልኩ።

አንዲት ሴት ልጇን ወደ ኋላዋ ሳበች። ቄሱ መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ።

«አንተ ነህ የሠራኸው?»

«አዎ፣ አባ።»

«ማን አሠራህ?»

«ልጃቸው።»

ከዚህ የባሰ መልስ ዓለም ላይ አልነበረም። ሽማግሌው ከድንጋዩ ተነሡ፤ ከዚያ መልሰው ተቀመጡ።

«ልጄ?» አሉ። «የእኔ ልጅ? በእኔ ላይ?»

«ደብዳቤ ነው፣ አያ! ፖስታችሁ ነው! ነጩ ባልዲ ተሰርቆ ነው። ይኼ እንዳይሰረቅ ብዬ፣ ዝናብ እንዳይገባ ብዬ ነው። ቆሎ ጠፋብኝ ብላ እሷ ናት የላከችኝ።»

ቆሎ ስል ፊታቸው ዞረ። ያንን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም።

ቄሱ መስቀላቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንግዲህ አንተው ክፈተው። እኛ ፈቀቅ እንላለን።»

ሁሉም ፈቀቅ አሉ። ሰሙ በብርድ ደርቆ ስለነበር በጥርሴ ጀምሬ በጉልበቴ መካከል ይዤ ከፈትኩት። መጀመሪያ ዱብ ያለው የከሰሉ ቋጠሮ ነው።

«ይኸው! ይኸው!» አለች ሴትዮዋ።

«ከሰል ነው። እርጥበት ይጠጣል።»

ቄሱ ጎንበስ ብለው አሸተቱት። «ከሰል ነው» አሉ፤ ቅር እንዳላቸው ያስታውቃል።

ደብዳቤው ሲወጣ ተንኮሻኮሸ። ያ ሁሉ ጠበል ወርዶበት እንኳ አልረጠበም። ለሽማግሌው ሰጠኋቸው። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፤ ወደ ብርሃኑ አዘነበሉት፤ ገለበጡት።

«ነጭ ነው» አሉ።

«ጽፋበታለች፣ አያ።»

«ለእኔ ነጭ ነው።»

ተቀብዬ አነበብኩላቸው። እኔ ፊደል የለየሁት ከጆንያና ከቆርቆሮ ላይ ስለሆነ አነባበቤ ይንገዳገዳል፤ ግን ቃሉ አጭር ነበር። አባዬ፣ ሞራህን የሚገፉ ሐኪሞች ይመጣሉ። አስመዝግቤሃለሁ። መስቀል እንዳለፈ ሰኞ ጠዋት ከጥዱ ሥር ቁም፤ መኪና እልካለሁ። እንዳትቀር።

ወረቀቱን አጥፌ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

«ለልጆቼ ምን ብዬ?» አሉ ሽማግሌው። «ጠበል ሄዷል ነው የሚያውቁት። ጎንደር፣ እሷ ዘንድ መሄዴን ከሰሙ...»

ወደ ቄሱ አየሁ። ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ አልዋሽም። አባታችን የት ሄደ ብሎ የሚጠይቀኝ ከመጣ እውነቱን እነግረዋለሁ።» መስቀላቸውን በነጠላቸው ጠቀለሉ። «ግን ይህን ቁልቁለት ወርዶ የሚጠይቅ ቢኖር፣ እስከዛሬ በመጣ ነበር።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ቀና ሲሉ እጃቸውን ዘረጉልኝ። «ዳገቱን ደግፈኝ» አሉ። ማን ማንን እንደደገፈ አላውቅም፤ ላይ ስንደርስ ሁለታችንም እናለከልክ ነበር።

ሰኞን አልጠበቁም፤ በዚያው ቀን በአይሱዙው ጋቢና፣ ያንን አስቀያሚ ዕቃ ታቅፈው፣ የልጃቸው ኪራይ ቤት ገቡ። ሐኪሞቹ አንዱን ዓይን ሠሩላቸው፤ ሌላው አልፎበታል አሉ። ወደ ወገራ ሳይመለሱ በፊት ልጃቸው ሱቄ ድረስ ይዛቸው መጣች። ዕቃውን አንሥተው በአንድ ዓይን መረመሩት፤ ከዚያ እኔን መረመሩኝ።

«እውነቴን ነበር የፈራሁት» አሉ።

ወንዶቹ ልጆች እንዲያ የጠራ ዓይን ሲያዩ፣ ጠበሉ ሠራ አሉ። ቁልቁለቱን ወርዶ ቄሱን የጠየቀ የለም። ስለዚህ ልጅቷ ዛሬም ከደጁ ውጭ ናት፤ ዕቃውም ወደ ጥዱ ተመለሰ። እኔ የምደክመው ለዚህ ነበር? ዝናብ የማያስገባ ዕቃ ሠርቼ፣ ሰው የማያስገባውን ቤት እንዳለ ትቼው መጣሁ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነርሷ መጣች። ቱቦውን ከፊቴ አስቀምጣ ከፈተችው። ቆሎ አለ። ከቆሎው ጋር፣ በእርሳስ የተጻፈ፣ ፊደሉ እንደ ቁንዶ በርበሬ የተበታተነ አንዲት ቁራጭ ወረቀት አለች።

«አባቴ ነው የጻፈው፤ ለእርስዎ ነው» አለች፤ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ወደ ብርሃኑ አዘንብዬ አነበብኩት። «ከመንገድ ይታያል። ደብቀው።»

ዕቃውን አገላበጥኩት። እውነት ነው፤ ጥቁሩ በደረቅ ሣር መካከል ይለያል። አባትየው ነሐሴ ላይ ያላዩትን፣ አሁን አዩት። ቀዩን ክር በቢላዋ በጠስኩ፤ ከዚያ የጭቃ ቀለም ያለው ነገር ፍለጋ ጉልበቴን ይዤ ተነሣሁ።